ጋሽ ተክሌን ማን ይምታ

ግርግር የምንለውን የቪዲዮ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ስድስት እብዶች ጠባብ ሜዳ ላይ ሲደባደቡ ያየ ይመስለዋል። አልተሳሳተም። እውነተኛ ስሙ በጃፓንኛ የተጻፈ ረጅም ነገር ስለሆነ ማንም አንብቦት አያውቅም፤ ግርግር ያልነው እኛ የገላን ኮንዶሚኒየም ሰዎች ነን። ሦስት ለሦስት ሆነን እንገባለን፣ ከላይ ሳጥን ይወድቃል፣ ከታች እሳት ይነሣል፣ መሐል ላይ በረዶ ይዘንባል፣ መጨረሻ ላይ ሰው የቀረው ቡድን ያሸንፋል።

ፋራ የሆነ ሰው ጨዋታው በቡጢ የሚያልቅ ይመስለዋል። የሚያልቀው ግን በሕመም ነው። መርዝ የነካው አረንጓዴ ይሆንና ደሙ ቀስ እያለ ያልቃል፤ እሱን ወባ እንለዋለን፣ ጓደኛው መጥቶ አጠገቡ ከቆመለት ይለቀዋል። እሳት የያዘው መሬት ላይ መንከባለል አለበት። ራሱ የዞረበት ደግሞ ወደ ግራ ሲነዱት ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ይሄ አረቄ ይባላል። የአረቄ መድኃኒቱ እስኪያልፍ ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው፣ ዝም ብሎ መቆም የሚችል ወንድ ግን በዚህ ሰፈር አልተወለደም። የመጨረሻው በረዶ ነው። በረዶ የያዘው ባለበት ይደርቃል፤ ሁሉን ያያል፣ ምንም ማድረግ አይችልም። የሚያወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሱ ቡድን ሰው ሦስት ጊዜ በቡጢ ሊለው ይገባል።

እኔ ልዕልት እባላለሁ። ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ተቀምጬ የሠራተኛ መግቢያና መውጫ ሰዓት እመዘግባለሁ፤ ከሠራተኛው ሁሉ ስሜን የሚያውቀው ሦስት ሰው አይሞላም። ግርግር ላይ ግን ነርስ ይሉኛል። ማን ወባ እንደያዘው፣ ማን ሊቃጠል እንደሆነ፣ ማን እንደሚመታና ማን እንደሚቆም የምናገረው እኔ ነኝ፣ ወንዶቹም ይሰሙኛል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ተናግሬ ሰው የሚሰማኝ እዚያች ጌም ቤት ውስጥ ብቻ ነው። እወዳታለሁ፣ ምን አሳፈረኝ።

ጌም ቤቷ የአቡዘር ናት፣ ከብሎካችን ሥር። አቡዘር የወሎ ልጅ ነው፤ ሚኒባስ መንዳት የተወው ትራፊኮቹ ስላሰለቹት እንደሆነ ይናገራል፣ ትራፊኮቹ የሚናገሩት ግን ሌላ ነው። ባለፈው ወር የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢያችን ጋሽ ተክሌ ተነሡና አቤቱታ ጻፉ። ጋሽ ተክሌ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ የጨረሱ፣ ቆሻሻ ለመጣል እንኳ ክራባት የሚያስሩ ሰው ናቸው። አቤቱታው ጌም ቤቷ በጩኸትና በስድብ ሰፈሩን ስለምታውክ ወረዳው ይዝጋልን የሚል ነው። ወረቀቱን በአንድ እጅ፣ እስክሪብቶውን በሌላው ይዘው በየበሩ ዞሩ። ስልሳ ሁለት ሰው ፈረመ።

ፈርሃት ፈረመ። ፈርሃት ማለት ከታክሲ ረዳትነት የተረፈችውን እያንዳንዷን ሰዓት እዚያ የሚውል የቡድናችን ሰው ነው። እኔም ፈረምኩ። ያን የሚያህሉ ሰው ያን ሁሉ ደረጃ ወርደው በሬ ላይ ሲቆሙ ምን ልበላቸው፤ ይሉኝታ ያዘኝ። እናቴ ወንበር አምጪላቸው ስትለኝ ወንበሩን አመጣሁ፣ እሳቸው አልቀመጥም አሉ፣ እኔ ወንበሩ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። ከሁላችን የባሰው አቡዘር ነው። የገዛ ቤቱ እንድትዘጋ አሥራ አራተኛ ሆኖ ፈረመና ሻይ ጋበዛቸው።

ወረቀቱ ሰኞ ወረዳ ሊገባ አርብ ማታ እኔ፣ ፈርሃትና አቡዘር መከርን። ሄዶ ፊርማዬን አንሥቻለሁ ማለት ከሁሉ የቀለለው ነገር ስለሆነ ማንም አላነሣውም። አቡዘር በምትኩ ዘዴ አመጣ። ቅዳሜ የኮዬ ፈጬ ቡድን ሊገጥመን ይመጣል፤ ጋሽ ተክሌን እንጋብዛቸው፣ ጨዋታውን አይተው ደስ ሲላቸው እውነቱን እንነግራቸዋለን። ማን ይንገር ሲባል ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኮዬ ፈጬዎቹ ጆይስቲካቸውን በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። አለቃቸው ሶሬሳ የሚባል፣ አንገቱ የበሬ የሚያህል ልጅ ነው። የእኛ ሦስተኛ ሰው ፊሮምሳ ግን አልደረሰም፤ ሳሪስ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዞኛል ብሎ ደወለ። በዚሁ መሐል ጋሽ ተክሌ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ገቡ። ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ። ሶሬሳ ራሱ ኮፍያውን አወለቀ። ጋሽ ተክሌ አንድ ሰው እንደጎደለን ሲሰሙ መሐረብ አውጥተው ጆይስቲኩን ጠረጉና እስቲ አሳዩኝ አሉ። ሰብሳቢ እምቢ አይባልም።

ጨዋታው ተጀመረ፣ ችግሩም አብሮ ተጀመረ። እኔ በሌላ ቀን ቁም፣ ተንከባለል፣ ምታው ነው የምለው። ለጋሽ ተክሌ ይሄ አይሆንም። ካላስቸገርኩዎ ትንሽ ወደ ግራ ቢሉልኝ ብዬ እስክጨርስ እሳቱ ሁለት ጊዜ ደረሰባቸው። ፈርሃት ሲጫወት አፉ መናኸሪያ ያሳፍራል፤ ያን ቀን በእግዜር ስም የሚለምን ይመስል ነበር። በዚህ አያያዝ አንድ ደቂቃ አንቆይም ብዬ ነበር። ቆየን። ለምን እንደቆየን ሲገባኝ ማመን አቃተኝ፤ ኮዬ ፈጬዎቹ ጋሽ ተክሌን አይነኩም። ሶሬሳ ቡጢውን ጨብጦ እየሮጠ ይመጣና አጠገባቸው ሲደርስ ዞሮ ግድግዳ ይመታል። አንደኛው ልጅ እንዳይገፋቸው ሲል ገደል ገባ። ደም የሚመልስ መድኃኒት ያለበት ሳጥን በወደቀ ቁጥር ሁሉም ይርቅላቸዋል። ሰባቱንም እሳቸው ወሰዱ፣ እኔ ወባ ይዞኝ እያየሁ ሞትኩ፣ ስጡኝ አላልኩም። አሸነፍን።

ጋሽ ተክሌ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ጨዋታው ቀላል መሆኑን፣ ወጣቱ የሚጮኸው ስለማያስብ መሆኑን አስረዱን። ልክ ነዎት አልን፣ ኮዬ ፈጬዎቹም አብረው።

ሁለተኛው ዙር ላይ በረዶ ዘነበ። ማሽን ዕድሜ አያውቅም። ጋሽ ተክሌ አንድ እግራቸውን እንዳነሡ ሜዳው መሐል ደረቁ። ይሄ ሰውዬዬ ምን ሆነብኝ ብለው ጠየቁ። ፈርሃት ትንሽ ብርድ ነው፣ ያልፋል አለ። አያልፍም፤ እሱም ያውቃል። አቡዘር ከኋላ ሆኖ የገመዱ ጉዳይ ይሆናል አለ፤ ጆይስቲኩ ገመድ የለውም። ኮዬ ፈጬዎቹ ጥግ ይዘው ቆመው ይጠብቃሉ። በግርግር ታሪክ ማንም ማንንም ያልመታበት ደቂቃ ይሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ጋሽ ተክሌ ጆይስቲኩን ይነቀንቃሉ፣ ስድብና ጩኸት አለበት የተባለው ቤት እንደ ፈተና ክፍል ጸጥ ብሏል።

ተናደድኩ። በእሳቸው አይደለም፣ በእኛ ነው። እሳቸው ቢነገራቸው የሚሰሙ ሰው ናቸው፤ የሚነግራቸው ጠፍቶ ነው እንጂ። ፈርሃትን አየሁት፣ ጣሪያ ያያል።

«ጋሽ ተክሌ፣ ከዚህ የሚያወጣዎ የራስዎ ሰው ቡጢ ብቻ ነው» አልኳቸው። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ልመታዎ ነው።»

ዞረው አዩኝ። «ስንት ጊዜ?»

«ሦስት።»

ትንሽ አሰቡና እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ምቺ አሉኝ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ በጆይስቲኩ አንዴ መታሁና ይቅርታ አልኩ። ደግሜ መታሁና ይቅርታ አልኩ። ሦስተኛውን ስመታ ይቅርታ አላልኩም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በረዶው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የሆነው እውነተኛ ግርግር ነው። ሶሬሳ እንደሚቻል ሲያይ መጣና ጋሽ ተክሌን ወባ አስያዛቸው፤ አጠገባቸው ቆሜ አዳንኳቸው። አረቄ ሲይዛቸው ቁሙ አልኳቸው፣ በአንድ ቃል፣ ያለ ምንም ማለሳለሻ። ቆሙ። እንደ ባቡር ጣቢያ ሰዓት ቀጥ ብለው ቆሙ፣ አረቄው አለፈላቸው፣ ሶሬሳን ከኋላው ገፍተው ገደል ከተቱት። ፈርሃት የሰፈሩን ስድብ ሁሉ አወረደው። ጋሽ ተክሌ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ክራባታቸውን አላሉ፣ በሁለት ሰው ብልጫ አሸነፍን።

ሳቃቸው ሲበርድ ከኮት ኪሳቸው ወረቀቱን አወጡ። ስምንት ዓመት ኮሚቴ ሲመሩ እንደዛሬ ፊት ለፊት የነገራቸው ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ስሜን በጣታቸው ፈለጉ።

«ልጄ፣ ቅድም እንደነገርሽኝ አድርገሽ ንገሪኝ» አሉኝ። «ይሄን ስትፈርሚ ወደሽ ነው፣ ወይስ እኔን አፍረሽ?»

አቡዘር እያየኝ ነው። ፈርሃት እያየኝ ነው። ኮዬ ፈጬዎቹ ፌስታላቸውን እንደያዙ ቆመው ይሰማሉ። የምፈልገው ጥያቄ በራሱ እግር መጥቶልኝ ነበር፤ አፍሬ ነው ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አፍሬ ነው ካልኩ ግን እንግዳ ሰው ፊት፣ ስልሳ ሁለት ሰው ዓይንዎን እያየ ዋሽቶዎታል ማለቴ ነው። እጄ ላይ ጆይስቲክ የለም።

«ወድጄ ነው፣ ጋሽ ተክሌ» አልኩ።

ፈርሃትን ጠየቁት፣ እሱም ወድዶ ነው። አቡዘርን ጠየቁት፤ አቡዘር ለሰፈሩ ሰላም ሲባል ነው አለና ሻይ ልዘዝልዎ ብሎ ጨመረበት። ጋሽ ተክሌ ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩን፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ክንዳቸውን ይዤ እስከ አራተኛ ፎቅ ሸኘኋቸው። በየደረጃው ቆም እያሉ ያን ባለ ትልቅ አንገት ልጅ እንዴት ገደል እንደከተቱት አወሩልኝ። በራቸው ላይ ስንደርስ ቁልፋቸውን ለመፈለግ ኪሳቸውን ዳበሱ።

«አንድ ሰው እንኳ አልፈልግም ቢለኝ እዚያው ልቀደው ነበር» አሉ። «እኔ ራሴ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

ደረጃው ላይ ከእሳቸውና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። በሩን ከፍተው ትንሽ ጠበቁኝ። ደህና ይዋሉ ብያቸው ወረድኩ።