ጄኔራሉ ዳገት ላይ ቆመ

ጄኔራሉ የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ፍሬን ያዘ። የሚያስቆመው ነገር ኖሮ አይደለም፤ መቆም አማረውና ቆመ። ሁለት እግሮቹን መሬት ላይ አሳርፎ ከተማውን ቁልቁል አየ። ትንሿ ሞተር ከሥሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ትር ትር ትላለች።

ጄኔራል ያሰኘው የድሮው ትልቁ ሞተሩ ነው እንጂ እሱስ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ያውም አጭር። በዚያ ሞተር ሰፈር ሲገባ መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ዞር ብሎ ያያል። እግሩ መሬት እንደማይደርስ ግን ማንም አያውቅም። ሲቆም የመንገድ ጠርዝ ወይም ድንጋይ ፈልጎ ነው። ዳገት ላይ ደግሞ ድንጋይም አያድነውም። ወገቡ እየተቆረጠ፣ እጁ እየደነዘዘ ችሎት ኖረ። ዛሬ ጠዋት መካኒኩ ጋ ሄዶ በትንሿ ለወጠው። መካኒኩ ለልጁ የገዛ መስሎት ሲጠይቀው "ለራሴ ነው" አለና አፉን አስያዘው።

የሴት ልጁ ቤት ዳገቱ አናት ላይ ነው። ካገባች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ ደጇን አልረገጠም። መቼ ትመጣለህ ስትለው ሥራ ያመካኛል። እሷም ባሌን ቢንቀው ነው ብላ ደመደመች። ሰሞኑን ወላጆቿ ቤት መምጣት ቀንሳለች፤ እንቅልፍ የነሳው ይህ ነው።

በሩን ራሷ ከፈተችለት፤ ስታየው ደነገጠች።

"አባዬ? እማዬ ምን ሆነች?"

"ደህና ናት። ሰው ልጁን ለመጠየቅ የግድ የታመመ መኖር አለበት?"

ባሏ የከሰዓት ተረኛ ነውና ሸሚዙን እየቆለፈ ብቅ አለ። ለአማቱ ወንበር አቀረበና ራሱ ቆሞ ቀረ። ጄኔራሉ የቀረበለትን ሻይ ሳይቀምስ ተናገረ።

"ባልሽን ጠልቼ አይደለም የቀረሁት። በዚያ ትልቅ ሞተር ዳገት ላይ እግሬ መሬት አይደርስም። አንዴ መጥቼ መታጠፊያው ላይ ይዞኝ ወደቀ። ሰው ሳያየኝ አንስቼ ተመለስኩ።"

"በእግርህ አትመጣም ነበር?"

"ጄኔራል በእግሩ?"

ልጅቷ አልሳቀችም። "እኔ እኮ አልቅሻለሁ፣ አባዬ" አለች።

ጄኔራሉ አፈረ። ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ነገራት፤ ይቅርታም ጠየቃት። መጀመሪያ የጄኔራሉ አወዳደቅ ታስቦት ሳቅ ያመለጠው ባልየው ነው፤ በእጁ ሊያፍነው ሞክሮ አልሆነለትም። ከዚያ እሷ፣ ከዚያ ጄኔራሉ ራሱ ሻዩ እስኪፈስ ድረስ ሳቁ። ቤቱን አዟዙረው አሳዩት፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ፈልጎ ሲያጣ ትንሽ ቅር አለው።

ሊሄድ ሲነሳ አማቹን "ና ውጣ፣ ላድርስህ" አለው። በትልቁ ሞተር ሰው ጭኖ አያውቅም፤ ራሱን ማቆም መች ቻለና። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ነፋሱ ፊቱን ዳበሰው። ወገቡ ዝም አለ፣ እጁ ዝም አለ፤ እንደ ልጅ ደስ አለው።

ግርጌው ሲደርሱ አማቹ ከኋላው ጠጋ አለ።

"አባባ፣ በግራ በኩል ይቀርበናል።"

"አውቃለሁ" አለ ጄኔራሉና በቀኝ ታጠፈ፤ ወደ ገበያው፣ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ወዳለበት። አማቹ ሰዓቱን አየት አደረገ። ጄኔራሉም ሰላም ላለው ሰው ሁሉ ቆመ።

"አማቼ ነው" እያለ። "እነሱ ቤት ነበርኩ።"