ከግድግዳው የወጡት ፕላኔቶች

ቀለም ቀቢው ወደ ሕፃናት ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲገባ ሥራው የሁለት ቀን መስሎት ነበር። ከመጫወቻው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ አሥራ አራት ሜትር ይረዝማል። ዳይሬክተሯ አንድ ፖስተር ዘርግታ፣ «ይህን ሥርዓተ ፀሐይ እንዳለ ግድግዳው ላይ ያሳርፉልኝ፤ ዓርብ ወላጆች ይመጣሉ» አለችው። ዕለቱ ሰኞ ነው። ዕድሜ ልኩን ከሆቴል ኮርኒስ እስከ ሆስፒታል ኮሪደር ሲቀባ ለኖረ ሰው፣ ጥቂት ኳሶችና አንዲት ፀሐይ ምን አላቸው?

ግድግዳውን ኖራ በተቀባ ክር በካሬ በካሬ ከፋፍሎ ክቦቹን በእርሳስ ማስቀመጥ ጀመረ። ሲቆጥራቸው ግን ስምንት ሆኑበት። እሱ የተማረው ዘጠኝ ነው። ‹አታሚው አንዱን ረስቶታል› ብሎ ዳር ላይ ዘጠነኛ ክብ ጨመረ።

በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ግር ብለው ወጡና መሰላሉን ከበቡት። ከመካከላቸው ሁለት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው የሚያሰኝ ልጅ፣ ጣቷን ወደ ዘጠነኛው ክብ ቀሰረች።

«ጋሼ፣ ይሄ ማነው?»

«ፕሉቶ ነዋ!»

«ፕሉቶ እኮ ተቀንሷል።»

ቀለም ቀቢው ቡሩሹን እንደያዘ ዞር አለ። «ተቀነሰ? ምን አጥፍቶ?»

«ምንም አላጠፋም። ትንሽ ነው፤ መንገዱንም ከሌሎች ጋር ይጋራል። ድንክ ፕላኔት ብለውታል።»

«ትንሽነት የሚያስቀንስ ከሆነማ አንቺም ብትሰጊ ይሻላል» አላት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እሷም ድዷ እስኪታይ ሳቀች። መምህርቷ ከበሩ ላይ ሆና፣ «ወይዘሪት ለምን፣ ጋሼን ሥራ አታስፈቺ!» ስትል፣ ልጅቱ በዚህ ስም የምትጠራው በከንቱ እንዳልሆነ ገባው። ፕሉቶን በላጲስ አጠፋው፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ማርስ ለምን ከምድር ጋር ተጣበቀች?»

«ፖስተሩ ላይ እንደዚያ ነዋ።»

«አጎቴ ግን ሮኬት እዚያ ለመድረስ ሰባት ስምንት ወር ይፈጅበታል ብሎኛል። እዚህ ግን በእግርም ይደረሳል።»

ደወሉ ተደወለና አዳነው። ልጅቱ ሄደች፤ ጥያቄዋ ግን ግድግዳው ሥር ቀረ። ቀለም ቀቢው የጁፒተርን ቡናማ መስመሮች እያሰመረ ነገሩ ከነከነው። የሥዕል ልክ ማለት ለእሱ እንጀራው ነው። የመዳፍ ስፋት ያላትን ሥዕል ወደ ሕንፃ ፊት ሲያሳድግ አንድ ጣት ስህተት እንኳ አያስተኛውም። ይሄ ፖስተር ታዲያ በምን ልክ ነው የተሠራው?

ምሳ ሰዓት ላይ ከመምህርቷ አንድ መጽሐፍ ተዋሰ። ከኋላው ቁጥሮች የተደረደሩበት ሰንጠረዥ አለ፤ ዜሮው ብቻ ዐይን ያጠፋል። የቀለም ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠ። ‹ፀሐይ የዚህን ባልዲ አፍ ታህል እንበል፣ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር› ብሎ በአንዲት ጣውላ ላይ በእርሳስ ያካፍል ጀመር። ምድር የክብሪት ራስ ሆና አረፈች። ‹አይ፣ አንድ ዜሮ ጥዬአለሁ› አለና እንደገና ሠራው። ያችው የክብሪት ራስ። ርቀቷን ሲያሰላ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ሜትር መጣ።

ግድግዳውን ቀና ብሎ አየው። አሥራ አራት ሜትር።

መምህርቷ ጣውላውን ተቀብላ በስልኳ ደጋግማ አሰላችው። «ልክ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ ራሴ ስድስት ዓመት ሳስተምረው እንደዚህ አስቤው አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ ቀለም ቀቢውን የሚይዘው ጠፋ። የሜትር ጥቅልሉን አንስቶ ከግቢው ወጣ። ሜርኩሪ ብቻ አሥራ ሁለት ሜትር ተኩል ላይ፣ የግድግዳው ጫፍ ጋ ተገኘች፤ እሷም የመርፌ ራስ አክላ። ቬነስ የግቢው በር ላይ ወደቀች። ምድር መንገዱን ተሻግራ መድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ማርስ ደግሞ ጎማ ጠጋኙ ደጃፍ። ጁፒተርን ፍለጋ ሲሄድ ፎቶ ኮፒ ቤቱን አለፈ፤ ቆርኪ የምታህለው ጁፒተር መቶ ስልሳ ስምንት ሜትር ላይ ጫማ ሰፊው ዘንድ አረፈች። የቀሩትን በእርምጃ ቆጠራቸው። ኔፕቲዩን ላይ ሲደርስ አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላው ሠላሳ ሜትር ያህል ነበር የቀረው፤ ላብ በላብ ሆኖ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ምሰሶ ሥር ቆሞ እንደ ሞኝ ብቻውን ሳቀ።

ተመልሶ ሐሳቡን ሲነግራት ዳይሬክተሯ ግን አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ እኔ ያዘዝኩት ሥዕል ነው። ወላጅ ሥራ አስፈቅዶ መጥቶ፣ አንድ ባልዲ የሚያህል ክብና አንዲት ነጥብ አይቶ ይሂድ?»

«እትዬ፣ ያዘዙኝን ልሥራ ብል ነገውኑ እጨርሳለሁ። ግን ልጆቹን በስንት ዋሸናቸው መሰለዎት?»

«ሁሉም መጽሐፍ እንደዚያ አይደል የሚስለው?»

«መጽሐፉማ ገጹ አልበቃው ብሎ ነው። እኛ መንገድ አለን።» ትንሽ አመነታና፣ «ምናለ አንድ ጊዜ አብረን ብንሄድ? ካልወደዱት ዛሬውኑ ወደ ፖስተሩ እመለሳለሁ» አላት።

ሰዓቷን አየችና ወጣች። ማርስ ድረስ ፊቷ እንደተኮሳተረ ነበር። ጁፒተርን ለማግኘት መንገዱን ሽቅብ ሲያያዙት ግን፣ «አሁንም አልደረስንም?» ማለት ጀመረች። ሳተርን ላይ ቆማ ወደ ኋላ ተመለከተች፤ ትምህርት ቤቱ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ጠፍቷል። «የሚቀጥለውስ?» ስትል ድምፅዋ የዳይሬክተር አልነበረም።

«ገና ይህንን ያህል መንገድ፤ ኔፕቲዩን ደግሞ ከዚያም ወዲያ።»

«በሉ እንሂድ» አለች፣ በዚያ ተረከዘ ረጅም ጫማዋ።

በማግስቱ ባለ ሱቆቹን ማስፈቀድ የቀለም ቀቢው ሥራ ሆነ። ጎማ ጠጋኙ በመጀመሪያ፣ «ማርስን ደጄ ላይ? ኋላ ነዋሪዎቿ አየር ሙላልን ብለው ቢመጡስ?» ብሎ ቀለደበት፤ ነጥቧን ሲያይ ግን፣ «ይቺ ብቻ ናት?» ብሎ ራሱ ግድግዳውን ጠረገለት። ፋርማሲስቷ ደግሞ፣ «ምድርን ወደ እኔ ማምጣታችሁ ደግ አደረጋችሁ፤ ሕክምና ሳያስፈልጋት አይቀርም» አለች።

የተረፈው የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ነው። የጀመራቸውን ክቦች አጥፍቶ እንደ ነበረ መለሰው። ፀሐይዋን በብርቱካንማ ቀለም ዳር ላይ ቀባ፤ በሌላኛው ጫፍ ሜርኩሪን በቀጭን ቡሩሽ ነካ አደረጋት። ወይዘሪት ለምን አጠገቡ መጥታ በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ግድግዳ ተመለከተች።

«እዚህ መሃል ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«ምንም ምን ዓይነት ቀለም አለው?»

ቀለም ቀቢው ቡሩሹን ባልዲው ላይ አሳረፈ። በሕይወቱ የስንት ሰው ቤት ሲቀባ፣ ክሬም ነው ወተት መልክ እያሉ የሚያደርቁት ደንበኞች ሞልተዋል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ጥቁር ነው እንዳይል፣ ጥቁርም ለእሱ አንድ ጣሳ ቀለም ነው። «አላውቅም» አላት በመጨረሻ። «አንቺስ?»

«እኔም አላውቅም» አለች፣ በጣም ደስ ብሏት። ያንን መሃሉን ጭራሽ ሳይነካው ተወው።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ልጆቹ በገመድ ተያይዘው፣ ወላጆቻቸው ከኋላ ተከትለው ወጡ። እስከ ማርስ ድረስ ጫጫታው ለጉድ ነበር። ከጁፒተር በኋላ ዝም ዝም አሉ። አንዱ አባት፣ «ቆይ፣ ይሄ ሁሉ መንገድ ባዶ ነው ማለት ነው?» ብሎ መምህርቷን ሦስት ጊዜ ጠየቃት። ኡራነስ ጋ ሲደርሱ ግማሾቹ ሕፃናት ወላጆቻቸው ትከሻ ላይ ነበሩ። ወይዘሪት ለምን ግን በእግሯ ኔፕቲዩን ደረሰች፤ ምሰሶው ላይ ያለችውን፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ሰማያዊ ነጥብ በጣቷ ነካቻት። ቀለም ቀቢው ምስጋና ጠበቀ።

«ከዚህ ቀጥሎ ያለው ኮከብስ የት ነው?»

እሱ ያንን አላሰላውም። ወላጆቹ ሁሉ ዞር ብለው አዩት። «ሰኞ እነግርሻለሁ» አላት።

ሰኞ ሌላ ሥራ ነበረው፤ የአንድ ክሊኒክ መስኮቶች ይጠብቁታል። ቢሆንም ጠዋት በትምህርት ቤቱ በኩል ዞረ። ቅዳሜን ሙሉ ከዜሮ ጋር ሲታገል ውሎ፣ ውጤቱን መምህርቷ ጋ ደውሎ አረጋግጦ ነበር። ልጅቱን በሩ ላይ አገኛት፤ ቦርሳዋ ከእሷ ይበልጣል።

«ስምንት ሺህ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር» አላት፣ ቁጭ ብሎ ፊት ለፊት እያያት። «ባሕሩን ሁሉ ተሻግረሽ፣ በአውሮፕላን ቀኑን ሙሉ በርረሽ ማለት ነው። ፀሐያችን ግን ያችው ባልዲ ናት።»

ልጅቱ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። ግንባሯ ተጨማደደ።

«ታዲያ ምሳ መያዝ አለብን» አለችው።