ጽሑፉ ላይ የሌለ ጥያቄ

ነርሶቹ «ነፋሱ» ይሉታል፤ ገባ ሲባል ወጥቷልና። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነው። እጁ መድኃኒት ነው፣ ክፉ አይናገሩበትም፤ መርዶውን ግን በር ላይ ጥሎ ይሮጣል። አቤቱታው ሲበዛ አለቃው የመርዶ አነጋገር ሥልጠና እንዲወስድ ላከው። ካላለፈ ወደ ተመላላሽ ክፍል ይዛወራል፤ ለእሱ ያ ማለት በቁም መቀበር ነው።

በመጨረሻው ፈተና ላይ የሟች እናት ሆነው የሚተውኑት አንዲት ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ከእሱ በፊት ለተፈተኑት አምስት ሐኪሞች ሴትዮዋ ለትወናው በተሰጣቸው ጽሑፍ መሠረት ጮኹ፣ ወንበር ገፉ፣ አንዱንማ ኮሌታውን ያዙት። ተራው የእሱ ሲሆን ግን ዝም አሉ። ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ነገሩ አላማረውም። «የአለቃው ጆሮ ጠቢ ናት» አለ በሆዱ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ የተከሰሰ ሰው ደግሞ ሁሉም ምስክር ይመስለዋል።

እንደተማረው ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ። «እናቴ፣ ልጅዎን ማትረፍ አልቻልንም። ሞቷል።»

«ሲሞት ብቻውን ነበር?»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን የትወናውን ጽሑፍ ሰረቅ አድርጎ አየ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የለበትም። አሁን ገባው፣ ወጥመድ ነው! እሱም ብልጥ ነውና አልተያዘም።

«አልነበረም። ነርሷ እጁን ይዛው ነበር። እኔም አጠገቡ ነበርኩ።»

አሰልጣኟ «እንዲህ ነው እንጂ!» ብላ አሳለፈችው። እሱ ግን አላመነም። ሴትዮዋ ሲወጡ ተከትሎ ኮሪደር ላይ ደረሰባቸው።

«ማን ነው የላከዎት?»

«ማን ይልከኛል? ማስታወቂያ አይቼ ነው።»

«ታዲያ ለሌላው ሁሉ ሲጮኹ ውለው ለእኔ ሲሆን ምነው?»

ሴትዮዋ የቦርሳቸውን ማንገቻ ጨበጡ።

«አምና ልጄ እዚህ ሲሞት የነገርከኝ አንተ ነህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ አፌን ስከፍት ሄደሃል። ዓመት ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ነው። ልጄ፣ ቅድም ያልከኝ እውነት ነው? እጁን የያዘው ሰው ነበር?»

ሐኪሙ አፈረ። «አዎ» ቢል ሁለቱም ይገላገላሉ፤ ቃሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። የአምናዎቹን ሟቾች አንድ በአንድ ለማስታወስ ሞከረ። የእሳቸው ልጅ የትኛው ይሁን? ፊቱ አልመጣለትም።

«አላስታውሰውም፣ እናቴ» አላቸው።