አናቱን ቅቡት

«ኧረ እሱን አትንካ! ማሰሮውን አስቀምጥ!» የብርጓል የገፋ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ከመደቡ ተነሳች።

አስተርጓሚው ፍቅረ ሥላሴ ግን ማሰሮውን አቅፎ በሩ ጋ ደርሷል። ከኋላው ጠመንጃ ያነገተ ወታደር ቆሟል። ማሰሮው ውስጥ ያለው የአራስ ቅቤ ነው። ባሏ እንዳላማው ደብረ ማርቆስ በጣሊያን መጋዘን ተሸክሞ ከሚያገኘው ላይ እየቀነሰ፣ ሉማሜ ገበያ ድረስ እየወረደ ሁዳዴን ሙሉ ያጠራቀመው ነው። የብርጓል ፋሲካ ሰሞን ትወልዳለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። አራስ ያለ ቅቤ ገንፎ ብትበላ ጎረቤት ምን ይላል? ጎረቤትስ ያሻውን ይበል፣ ወገቧ በምን ይጠገናል?

«ለምን ተፈለገ?» አለ እንዳላማው።

«ለተንከባላዩ ብረት። ግራሶው አልቋል፤ የሚያመጣው መኪና ደጀን ላይ ተበላሽቶ ቆሟል።»

«ለብረት? የአራስ ቅቤ ለብረት?»

«ጣሊያኑ አለቃችን ካፖው አዟል። እንካ፣ አንተው ተሸከመው፤ ሥራም ረፍዶብሃል።»

ወታደሩ በሰደፍ ጎሸም አደረገው። እንዳላማው የገዛ ሚስቱን ቅቤ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ወጣ። እህሉን ወሰዱ፣ በሬውን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ ያልተወለደ ልጅ ድርሻ ወሰዱ። ያውም ለምን? ተንከባላዩ የሚያወርደው የጥይት ሳጥን ነው፤ ጥይቱም ጫካ በገቡት ወንድሞቹ ላይ የሚተኮስ ነው።

ተንከባላዩን ጣሊያኖቹ የተከሉት መኪና ከሚቆምበት ከፍታ እስከ መጋዘኑ በር ድረስ ነበር። መሬት ላይ የተጋደመ ረጅም መሰላል ይመስላል፤ ብቻ በመወጣጫዎቹ ፈንታ ድቡልቡል ብረቶች አሉት፤ እያንዳንዱም በየራሱ ዘንግ ላይ ይዞራል። ወደ ታች ትንሽ ስላዘነበለ፣ ሳጥኑን ላይኛው ጫፍ ላይ ካስቀመጡለት ብረቶቹ ከሥሩ እየዞሩ ያለ ሸክም ያደርሱታል። ሳጥኑ ምንጊዜም ሦስት ብረት ላይ ማረፍ አለበት፤ ካነሰ አፍንጫው ይደፋል። ጆንያ ከሆነም ሆዱ በብረቶቹ መካከል ስለሚሰረጎድ ከሥሩ ሳንቃ ይነጠፍለታል። ይህን ሁሉ ተሸካሚዎቹ በማየት ያውቁታል። ግራሶ የሚቀባው ግን ጣሊያኑ መካኒክ ብቻ ነበር፤ እሱ ሲቀባ ማንም አጠገቡ አይደርስም። አሁን መካኒኩ ታሞ ተኝቷል፤ ብረቶቹም ደርቀው እሪ ይላሉ፤ ሳጥኖቹ መንገድ ላይ ይገተራሉ።

ካፖው መኪናው ላይ እንደቆመ ወደ ብረቶቹ እጁን አወናጨፈና «ቴስታ! ቴስታ!» እያለ ጮኸ። ወዲያው ወደ ምሳው ሄደ።

«የእያንዳንዱን አናት ቅቡት ብሏል» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

«አናቱን?» ሲሉ አያ አስማማው ጠየቁ። ከተሸካሚዎቹ ሁሉ በዕድሜ የገፉ እሳቸው ናቸው።

«አናቱን አልኩ! አናት አታውቁም እንዴ?»

ጎጃሜን አናት መቀባት ሊያስተምረው! አያ አስማማው ከማሰሮው በመዳፋቸው ዛቁና ልክ ሙሽራ እንደሚቀቡ ሁሉ ብረቶቹን አንድ በአንድ ከላይ ከላያቸው አለዘቧቸው። «በሁዳዴ ቅቤ ስነካ፣ አቤቱ ይቅር በለኝ» ይላሉ በየመሀሉ። እንዳላማው ማሰሮውን ይዞ ይከተላቸዋል። እያንዳንዷ እፍኝ ከሆዱ የተዛቀች ያህል አመመችው።

ካፖው ሲመለስ የመጀመሪያው ሳጥን ተጫነ። ዘንጎቹ እንደደረቁ ናቸው፤ ብረቶቹ አልዞሩም። ሳጥኑ ግን በቅቤው ላይ ተንሸራቶ ቁልቁል በረረ፤ ታች ሲደርስ ወደ ጎን ወጣና ከበሩ መቃን ጋር ተላትሞ ተሰነጠቀ። ጥይቱ ሜዳው ላይ ተዘረገፈ።

ካፖው ፊቱ በርበሬ መሰለ። ወርዶ የአንዱን ብረት ጫፍ፣ ዘንጉ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ በጣቱ ደበደበ። «ቴስታ!»

እንዳላማው ያን ጊዜ ገባው። ጣሊያኑ ቴስታ ሲል ጫፉን ነው ያለው። ፍቅረ ሥላሴም ገባው። ግን ወደ አያ አስማማው እየጠቆመ በጣሊያንኛ ብዙ ለፈለፈ። ወታደሮቹ ሽማግሌውን ጎትተው ከመኪናው ጎማ ጋር አሰሯቸው። ካፖው አለንጋውን አነሳ።

አስተርጓሚው እንዳላማውን ወደ ጎን ሳበው። «ሽማግሌው ሆን ብለው ነው ያበላሹት ብያለሁ። ካፖው ሲጠይቅህ አዎ ብለህ ራስህን ብቻ ነቅንቅ። የተረፈውን ቅቤ ይዘህ ትገባለህ።»

«ጫፉን ብትለን ኖሮ እኮ . . .»

«ማን ይሰማሃል? ያለ እኔ አንዲት ቃል ጆሮው አትደርስም።»

እውነቱን ነው፤ እንዳላማውን እንደ እሳት የፈጀውም ይኸው ነው። ሰውየው ቅቤውን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ ምላሱን ሊወስድ ነው። ማሰሮውን አየ። ከግማሽ በላይ አለው፤ ለየብርጓል ይበቃታል። አያ አስማማው ከታሰሩበት አዩት።

ካፖው ወደ እሱ ዞሮ ጮኸ።

«ሽማግሌው ነው ወይ? ይልሃል» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

እንዳላማው ማሰሮውን አነሳና ቅቤውን እስከ መጨረሻው አስተርጓሚው ራስ ላይ ገለበጠው። በመዳፉም ጨፍልቆ ቀባው።

«አናት! ቴስታ ማለት ለዚህ ሰውዬ አናት ነው!» ከዚያ የብረቱን ጀርባ በቡጢ መታ። «ይኼን ቅቡ አለን! አናት! ቴስታ!» ወደ ዘንጉ ቀዳዳ ጎንበስ አለ። «ይኼ ግን ጫፍ ነው፣ ጫፍ! አንተ ከሀዲ፣ ጫፍ በል!»

ወታደሮቹ ሁለት እጁን ጠመዘዙት። ካፖው ግን በጣቱ ከለከላቸው። ቅቤ ግንባሩ ላይ የሚወርድበትን አስተርጓሚ አየ፤ ቅቤ የተለሰነውን ብረት አየ፤ የቀዳዳውን ዝገት አየ። «ቴስታ» አለ ቀስ ብሎ። አለንጋውን ሳይጥል ወደ ፍቅረ ሥላሴ ሄደ።

አያ አስማማው ሲፈቱ እጃቸውን እያሹ ባዶውን ማሰሮ ተመለከቱ።

«የብርጓልን ምን ልትላት ነው ልጄ?»

«እንደ ወጉ አናት ላይ ዋለ እላታለሁ» አለ እንዳላማው።