ሁለት ማንኪያ

አርባ ዓመት ብረት በይጃለሁ። ከበየድኩት ታንክ ሁሉ አንድ ጠብታ አንጠባጠበ ተብሎ የተመለሰ የለም። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም። ባለቤቴ ብትሰማኝ ግን "ታዲያ ለምንድን ነው?" ትለኝ ነበር።

ልጃችን የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት የልብስ ማጠቢያ ክፍላችን ውስጥ ቢራ መጥመቅ ጀመረች። የምትጠምቅበትን ድስት የሠራሁላት እኔ ነኝ፤ ከማይዝግ ብረት፣ ከታች ቧንቧ ያለው፣ ብየዳው በጣት ቢዳሰስ የት እንዳለ የማይታወቅ። የቀረው ሁሉ የእሷ ነው። ብቅሉን ትመዝናለች፣ የውሃውን ሙቀት በዲግሪ ትጠብቃለች፣ ሆፕስ የሚባለውን መራራ አበባ ሰዓት እያየች ትጨምራለች፣ እርሾው ብርድ እንዳይመታው እንደ አራስ ልጅ ትሸፍነዋለች። ሁሉንም በደብተር ትጽፋለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን የከተማውን ትንንሽ ቢራ ቤቶች እንዞራለን፤ የራሳቸውን ቢራ እዚያው የሚጠምቁትን ማለቴ ነው። አንዱ የድሮ ማተሚያ ቤት ነበር፣ ወለሉ ላይ አሁንም የቀለም እድፍ አለ። ሌላው ከጎማ ጥገና ጀርባ ነው። ሦስተኛው አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃውን ወጥቶ ለደረሰ ሰው ማንኛውም ቢራ ይጣፍጠዋል። ልጄ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ ቀለሙን ታያለች፣ ታሸታለች፣ ትጎነጫለች፣ ትጽፋለች። እኔ ጎንበስ ብዬ የታንኮቹን ብየዳ አያለሁ። አንድ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ "አባቴ፣ ምን ጠፋብዎት?" ቢለኝ "የበያጃችሁ ህሊና" አልኩት። ልጄ ወር ሙሉ በዚያ በኩል አላለፈችም።

ከሁሉም የምትወደው ከድልድዩ ሥር ያለውን ቤት ነው። ባለቤትየዋን ሁሉም "አለቃ" ይሏታል፤ ፈገግ ስትል ያየ ሰው አላጋጠመኝም። ቤቱ ስምንት የቢራ ቧንቧ አለው። ሰባቱ የራሷ ናቸው። ስምንተኛው በየዓመቱ ቤታቸው ከሚጠምቁ ሰዎች መካከል ተወዳድሮ ላሸነፈው ይሰጣል፤ ቢራው በትልቁ ታንክ ይጠመቃል፣ ሦስት ወር ይቀዳል፣ ስሙም ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ልጄ ሁለት ዓመት ተወዳድራ ሁለቱንም ጊዜ ሁለተኛ ወጣች። ዘንድሮ "ይሄ የመጨረሻዬ ነው፤ ካልሆነ ድስትህን መልሰህ ትወስዳለህ" አለችኝ። ድስትህን ትወስዳለህ ማለቷ አንጀቴን በላው።

እኔ ግን ለፀጉር አስተካካዩም፣ ለፋርማሲስቷም፣ ለጎረቤቱም ከወዲሁ አውርቼ ጨርሻለሁ። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ቁርስ ላይ ያዘችኝ።

"አንተ ሰው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ብትሸነፍ በምን ዓይኗ ሰው ታያለች? አንድ ቀን እንኳ ሥራ ሠርተህ ዝም ብትል ምን አለበት?"

እውነቷን ነው። ተቀየምኳት፣ ምክሯን ግን ተቀበልኩ።

የዚያኑ ቀን ቢራው ጠርሙስ ውስጥ የሚገባበት ቀን ነበር። አረፋ እንዲያበጅ በየባዶው ጠርሙስ አንድ ትንሽ ማንኪያ ስኳር ይደረጋል፤ እርሾው ስኳሩን ይበላና ጋዝ ይሠራል። ልጄ ገና ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ሃያ አራት ጥቁር ቡናማ ጠርሙሶች ታጥበው ተሰልፈዋል፤ ስኳሩና ማንኪያው አጠገባቸው ተቀምጧል። ደክሟት ትመጣለች ብዬ በየጠርሙሱ አንዳንድ ማንኪያ ጨመርኩና ዕቃውን እንደነበረ መለስኩት። ስትመጣ ቢራውን አብረን ሞላን፣ ቆርኪውን ገጠምን። ትንፍሽ አላልኩም። ሥራ ሠርቶ ዝም ማለት በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለካ እሱም የራሱ ኩራት አለው።

ውድድሩ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ጠዋት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ፈነዳ። ሮጠን ስንገባ ወለሉ ላይ የጠርሙስ ስብርባሪና ቢራ ነው። ልጄ ሌላ ጠርሙስ አንስታ ከፈተች። አረፋው ኮርኒሱን መታ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ጉንጭ የሚሞላ ቢራ አልቀረም። እርጥቡ ወለል ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

"ስኳሩን ሁለቴ ጨምሬዋለሁ" አለች። "ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ነው የጨመርኩት። ቸኩዬ ስለነበር ሁለት ዙር ሄጄ መሆን አለበት። የሒሳብ አስተማሪ እኮ ነኝ፣ አባዬ። እስከ ሃያ አራት መቁጠር አቃተኝ።"

እሷ ስልኳን አወጣች።

"ለአለቃ ልደውልና ስሜን ታውጣው።"

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ስኳር ቆሞ አይመሰክርም። አርባ ዓመት ሙሉ እንከን አይወጣለትም የተባልኩ ሰው ነኝ፣ ይህንንም ራሴ ለሰው ሁሉ ስናገር ኖሬአለሁ። ግን ልጄ የራሷን ቁጥር ማመን ካቆመች የምትመልሰው ድስቱን ብቻ እንዳልሆነ ታየኝ።

"ስልኩን አስቀምጪው" አልኳት። "እኔ ነኝ።"

"አንተ ምን?"

"ስኳሩን። ያልጨመርሽ መስሎኝ ከሰዓት በኋላ ጨመርኩ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

እናቷን አየሁ። እናቷ ኮርኒሱን አየች።

"ዝም በል ተብዬ ነበር" አልኩ።

ልጄ አልሳቀችም። "ማንኪያው ከፍ ብሎ የሞላ ነበር ወይስ ልክ ልኩን?" አለችኝ።

"ልክ ልኩን ነዋ። እያንዳንዱን በቢላ ጀርባ አስተካክዬ ነው። ማን መሰልኩሽ?"

"ሁሉንም?"

"ሃያ አራቱንም። አንዱ ካንዱ በፍሬ ስኳር ቢበልጥ እጄን ቁረጪው።"

ተነስታ ደብተሯን አመጣች፣ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። "የማይድነው የተዘበራረቀ ስህተት ነው" አለች። "ሁሉም እኩል ከተሳሳተ ይስተካከላል። ትርፉን ጋዝ ቀስ እያልን እናስወጣለን። ጭንብልህ የት ነው?"

የብየዳ ጭንብሌን አመጣሁ፤ ጥቁሩን መስተዋት አውጥቼ ግልጹን አስገባሁበት። የቆዳ ጓንቴን አጠለቅኩ። ባለቤቴ ማንም ሳይጠይቃት ማቀዝቀዣዋን ባዶ አድርጋ ሰጠችን፤ ጥፋቱ ውስጥ የእሷም እጅ እንዳለበት ገብቷታል። ጠርሙሶቹን አቀዘቀዝናቸው። ከዚያ ጠዋትና ማታ አንድ በአንድ የቆርኪውን ጠርዝ በስሱ አነሳለሁ፣ ጋዙ ፍስስ ይላል፣ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን እያየች "በቃ" ስትለኝ መልሼ እጫነዋለሁ። ማክሰኞ አንዱ ፊቴ ላይ ፈነዳ። ጭንብሉ ይመስገን። ልጄ ደብተሯ ላይ "ሃያ አንድ ቀሩ" ብላ ጻፈችና "ደህና ነህ?" አለችኝ፤ በዚህ ቅደም ተከተል።

ቅዳሜ ከድልድዩ ሥር ያለው ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ፀጉር አስተካካዩም መጥቷል፤ አፌ ነው የጠራው። የአሥራ አንድ ሰው ጠርሙስ ተደርድሯል፣ ቁጥር ብቻ ተለጥፎበታል፣ ስም የለም። የእኛ ሰባት ነው። አለቃ የሰባት ቁጥርን ቆርኪ አነሳች። አረፋው በአንገቱ ወጣ፣ ወጣ፣ አፉ ላይ ደረሰና ቆመ። ቀዳችው፤ ነጩ አረፋ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ብርጭቆው ላይ ተኛ። አሸተተች፣ ቀመሰች፣ ወደ ስምንት አለፈች። አሥራ አንድን ከጨረሰች በኋላ ግን ወደ ሰባት ተመለሰችና እስከ ታች ጠጣችው።

"ሰባት የማን ነው?"

ልጄ እንደ ተማሪዎቿ እጇን አወጣች። ቤቱ አጨበጨበ። ዓይኔን እንባ ሞላው፤ አልደበቅኩትም።

"አንድ ነገር ንገሪኝ" አለች አለቃ። "ቤት ከተሞላ ጠርሙስ እንዲህ ያለ ደቃቅ አረፋ አይቼ አላውቅም። እንዴት አድርገሽ ነው?"

"አባዬ ይንገራችሁ" አለች ልጄ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። የቤት ምስጢር ነው ብል ያልፍ ነበር። ባለቤቴ በክርኗ ጎሸመችኝ።

"ዕድሜህን ስትለፈልፍ ኖረህ አሁን ነው የምትዘጋው? ተናገር እንጂ።"

ተናገርኩ። ሳልጠየቅ የጨመርኩትን ስኳር፣ ፈንድቶ ያገኘነውን ጠርሙስ፣ ጭንብሉን፣ አንዱንም አላስቀረሁም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉ በላይ የሳቀው ፀጉር አስተካካዩ ነው። አለቃም ፈገግ አለች።

"አርባ ዓመት የበየድኩት ታንክ አንጠባጥቦ አያውቅም" አልኳቸው። "ይሄኛው ፈነዳ። ያዳነችው እሷ ናት።"

አለቃ ጠመኔውን ለልጄ ሰጠቻት። ልጄ ሰሌዳው ላይ ከስምንተኛው ቧንቧ ቁጥር ጎን "ሁለት ማንኪያ" ብላ ጻፈች።

ድስቱ አሁንም ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰሌዳው ሥር እቀመጣለሁ። እንግዳ ሰው ቢራውን ቀምሶ ስሙ ከየት መጣ ብሎ ሲጠይቅ አለቃ በጣቷ ወደ እኔ ትጠቁማለች። ደረቴን ነፍቼ እነግረዋለሁ፦ አንደኛው ማንኪያ የልጄ ነው፣ ሁለተኛው የእኔ ስህተት ነው።