መስኮት አይክፈቱ አልኩዎት እኮ

የጋለ መኪና ሁሉ ስለሚያቀዘቅዝ ሰፈርተኛው «በረዶ» ይለዋል። ያረጀ መኪና ኤሲ እምቢ ያለው ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደሱ ጋራዥ ነው። እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። ጆሮው ግን ለራሱ ድምፅ እንጂ ለደንበኛ አልተፈጠረም። ባለመኪናው ሁለት ቃል ሳይናገር በረዶ የጋዝ መለኪያ ጌጁን ይሰካል፣ ፍርዱን ይሰጣል።

በጋው ሲገባ የሚስቱን ወላጆች አሮጌ መኪና ጠገነ። ዳሽቦርዱን ፈትቶ፣ የሚያፈሰውን ቧንቧ ቀይሮ፣ የኤሲውን ጋዝ ሞልቶ መለሰላቸው። አማቱ አባባ ዕድሜ ልካቸውን የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ይቺን የራሳቸውን የሚፈልጓት ሚስታቸውን እማማን ሐኪም ቤት ለማመላለስ ነው። የእማማ ልብ ደክሟል፤ ሙቀት ሲበዛባቸው ራሳቸውን ይስታሉ።

ብዙም ሳይቆዩ አባባ ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ መኪናዋ ትንፋሽ አጠራት። የሚወጣው ንፋስ ቀዝቃዛ ነው፤ ግን የለም ማለት ይቀላል።»

ልብ ብሎ ለሰማ በሽታው እዚያው ተነግሯል። ቅዝቃዜው ኖሮ ንፋሱ ከጠፋ፣ የሆነ ቦታ የታፈነ ነገር አለ። በረዶ ግን መቼ ሰምቶ! ጌጁን ሰካ፤ ጋዙ ሙሉ ነው። ቧንቧውን ዳሰሰ፤ ይቀዘቅዛል። ቤተሰቡ ለምሳ በተሰበሰበበት ፈረደ።

«አባባ፣ የኔ ሥራ ደህና ነው። እርስዎ ነዎት አቧራ ያስገቡበት። መስኮት አይክፈቱ አልኩዎት እኮ! ዕድሜ ልክዎን ነድተው መስኮት መዝጋት ይጥፋዎት?» ብሎ ሳቀ። የአባባ ልጆችም ሳቁ።

አባባ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲህ በጋውን ሙሉ መስኮት ዘግተው ነዱ። ጠዋት ጠዋት የንፋስ መውጫዎቹን በቀለም ብሩሽ ይጠርጋሉ። ኋላ ወንበር ላይ በላብ የሚጠመቁትን እማማን «ይቅር በይኝ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ይሏቸዋል።

አንድ ቀን እማማ መንገድ ላይ ራሳቸውን ሳቱ። በማግስቱ አባባ እማማን ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ጋራዡ በር ላይ ቆመው፣ እንደ በደለኛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እባክህ፣ አንዴ እየው» አሉት።

በረዶ እየተነጫነጨ ዳሽቦርዱ ሥር ተንጋሎ ገባ። ማራገቢያውን ሲፈታ ጣቱ ለስላሳ ነገር ነካ። ሳበው። አቧራ የተጋገረበት፣ ቢጫ አበባ ያለው ጨርቅ ነው።

የራሱ ነው። ዳሽቦርድ ሲፈታ ብሎን እንዳይገባ ብሎ ማራገቢያው አፍ ላይ ጨርቅ መወተፍ ልማዱ ነው፤ ጨርቁን የምትሰጠው ሚስቱ ናት፣ አሮጌ ቀሚሶቿን እየቀደደች። ወትፎ፣ ረስቶ፣ ገጠመው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ፊቱ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቀጥሎ ያደረገው ግን ከመርሳቱም የባሰ ነበር፤ ጨርቁን ኪሱ ውስጥ ሸጎጠ።

ማራገቢያውን መልሶ ገጥሞ ሞተሩን ሲያስነሳ ንፋሱ ተንፎለፎለ። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው «እፎይ» አሉ።

«እጅህ ይባረክ!» አሉ አባባ። «አቧራዬን ጠረግህልኝ። ሁለተኛ መስኮት የከፈትኩ እንደሆነ እጄን ይቁረጠው!»

«ምንም አይደል፣ አባባ» አለ በረዶ። ጎንበስ ብሎ መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

እማማ ዓይናቸውን ሲገልጡ ከኪሱ የተንጠለጠለውን ቢጫ ጨርቅ አዩ። ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ያንን ቀሚስ ለልጃቸው ቆርጠው የሰፉት እሳቸው ናቸው። አቧራውን አዩ። በረዶን አዩ። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ መስኮቱን እንዳሻህ ክፈተው።»

«ምነው? ባለሙያው አትክፈት ብሎኝ የለ?»

እማማ የበረዶን ኪስ ተመለከቱ። በረዶ ጨርቁን አወጣው። «እርስዎ አይደሉም፣ አባባ። እኔ ነኝ። ጨርቄን ውስጡ ረስቼው ነው።»

ይቆጣሉ ብሎ ጠበቀ፤ ቢቆጡ በቀለለው። አባባ ብሩሻቸውን አንስተው እያገላበጡ አዩት።

«መርሳትስ ሰው ይረሳል» አሉ። «ልጆቼ ፊት ለምን ሳቅህብኝ?»

ቀዝቃዛው ንፋስ የበረዶን ፊት እየመታው ላቡ ይንቆረቆር ነበር።