ቅሬታ የሚባለው ሰው

ይሻው ተሰማ ጨረታው በተከፈተ ዕለት የተሳቀበትን ሳቅ ከነድምፁ ያስታውሰዋል። ደብረ ታቦር ውስጥ በበቅሎ ጭነት እንደ እሱ ስም ያለው ሰው የለም፤ ሃያ አራት በቅሎ አለው፣ አንዷም የጉናን ዳገት የማታውቅ የለችም። ያን ክረምት ጉና ላይ መሬት ተንዶ መንገዱን በላውና የሁለት ቀበሌ ሰው፣ ገብሱ በበረዶ ተመትቶ፣ ድንቹ ጭቃ ውስጥ በስብሶ፣ እላይ ታግቶ ቀረ። የእርዳታ ዱቄትና ብርድ ልብስ የሚያደርስ በአስቸኳይ ጨረታ ሲፈለግ፣ ይሻው ይኸማ የእኔ ሥራ ነው ብሎ ገባ። ማን ሊቀድመው?

የቀደመው ወረቀት ነው። ሰነዱ ለእያንዳንዱ ማጓጓዣ ሊብሬ ይቅረብ ይላል። ሰብሳቢው ይህን አንብበው ቀና ከማለታቸው ከኋላ ወንበር መልካሙ፣ "ጋሽ ይሻው፣ የበቅሎዎቹ ሊብሬ የታለ? ሰሌዳስ አላቸው?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ራሳቸው አፋቸውን በፋይል ሸፈኑ።

መልካሙ ማን ነው ቢሉ፣ ከአሥር ዓመት በፊት በነዚያው በቅሎዎች ላይ ጭነት ያስር የነበረ፣ የገመድ አስተሳሰር እንኳ ከይሻው የተማረ ሰው ነው። ዛሬ ሁለት አይሱዙ አለው። ጨረታውን እሱ አሸነፈ። መኪኖቹ መንገዱ እስከተናደበት ድረስ እንጂ ከዚያ በላይ አንድ እርምጃ እንደማይወጡ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው በጀርባው ይሸከማል ተብሎ ታለፈ። ይሻው ቂሙን ቋጥሮ ወጣ።

ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ የምትጽፍ ሩቅያ የምትባል ሴት አለች፤ ሕጉን ከጠበቆቹ ባልተናነሰ ታውቃለች ይሏታል። ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ ቅሬታ ለማስገባት አምስት የሥራ ቀን አለዎት አለችው። ቅሬታ ከገባ ግን ውሳኔ እስኪሰጥ ውሉ አይፈረምም፣ ዱቄቱም ከመጋዘን አይወጣም። ይህን ያለችው እንዲያስብበት ነበር። እሱ የሰማው ሌላ ነው።

"አይፈረምም?" አለ። "በእኔ ወረቀት?"

"በእርስዎ ወረቀት።"

ይሻው ወዲያው አላስገባም። ክፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አራት ቀን ድምፁን አጥፍቶ ተቀመጠ። መልካሙ ወዛደር ቀጠረ፣ ነዳጅ ሞላ፣ ለጓደኞቹ በግ አረደ። በአምስተኛው ቀን መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ይሻው ወረቀቱን ሰጠ። በማግስቱ አይሱዙዎቹ መጋዘኑ በር ላይ ባዷቸውን ተገትረው ሲያይ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። በዚያ በኩል ለማለፍ ሲል ብቻ በቀን ሦስት ጊዜ ሰበብ ይፈልግ ጀመር።

ቅሬታው ተመርምሮ ውድቅ ሆነ። ይሻው ለበላይ ቦርድ ይግባኝ አለ፤ ነገሩ እንደገና ታገደ። መልካሙ ወዛደሮቹን በተነ። ሽማግሌ ላከ፤ ይሻው ሽማግሌዎቹን አብልቶ አጠጥቶ ባዶ እጃቸውን ሸኛቸው። በአራተኛው ሳምንት መልካሙ ራሱ መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። የዚያን ቀኑ አፌ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ በመኪና እስከ ናዳው፣ እርስዎ በበቅሎ ከናዳው በላይ፣ አብረን እንሥራ አለ። ይሻው በሩን ሳይከፍት ሊብሬ ያለው ሰው ፈልግ ብሎ መለሰው።

እላይ ያሉትን ረስቷቸው ነበር ማለት ውሸት ነው። አልረሳቸውም። ትንሽ ይችላሉ፣ የጉና ሰው ችግር አይበግረውም እያለ ራሱን ያታልል ነበር።

ቦርዱ ሊሰየም አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረፋድ ላይ ዘውዱ መጣ። ዘውዱ ጉና ላይ ገብስና ድንች የሚያመርት ገበሬ ነው፤ ይሻው ሃያ ዓመት ሙሉ ከነበቅሎዎቹ ያደረው እሱ ቤት ነው። ከስቷል። ውሃ ሲሰጡት እንኳ አልተቀበለም።

"እናቴን ቀበርኋት" አለ።

እማሆይ ፈንታነሽን ነው። ይሻው በመጣ ቁጥር ለመንገድህ እያሉ ቆሎ በእፍኛቸው የሚቋጥሩለት እሳቸው ነበሩ። ምን አገኛቸው ብሎ ለመጠየቅ አልደፈረም። ዘውዱ ሳይጠየቅ ነገረው። ቤት ውስጥ የቀረችውን ጥቂት እህል ለልጆቹ ይሁን ብለው ትተው፣ ዱቄቱ ነገ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ባለፈው እሑድ አረፉ።

"ዱቄቱ እኮ መጋዘን ሞልቷል አሉን" አለ ዘውዱ። "ያስቆመው ቅሬታ የሚባል ሰው ነው አሉ። እኛ አናውቀውም። የማን ልጅ ነው? አገሩስ የት ነው? አንተ የከተማውን ሰው ታውቃለህ ብዬ መጣሁ።"

ይሻው ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

ዘውዱ ከጋቢው ጫፍ ቋጥሮት የነበረ የደብተር ወረቀት አወጣ። ሕዝቡ ተሰብስቦ ያን ሰው ያውግዙልን ብሎ ቄሱን ለምኗል። ቄሱም ቅሬታ የሰው ስም አይመስለኝም፣ እኔ ማንነቱ ባልታወቀ ሰው ላይ ቃል አላወጣም፣ ትክክለኛ ስሙን ከነአባቱ አጽፋችሁ አምጡ ብለዋል። ዘውዱ ፊደል አልቆጠረም።

"ጻፍልኝ" አለ። "ስሙን ከነአባቱ። እናቴ ስትሞት ዓይኗ ደጅ ደጁን ያይ ነበር።"

ይሻው እስክሪብቶውን ያዘ። እሱ የሚጽፈውን ዘውዱ አያነበውም። እላይ ቄሱ ሲያነቡት የሁለት ቀበሌ ሰው ባንድ አፍ አሜን ይላል። መልካሙ ከዚያ ወዲያ ጉና ላይ እህል ቀርቶ ውሃ የሚያቀምሰው አያገኝም፤ ልጁን የሚድርለት፣ ሬሳውን የሚሸከምለት አይኖርም። ወር ሙሉ በማመልከቻ ሲፈልገው የከረመው በቀል በሁለት ቃል ሊያልቅለት ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለው። "መ" ብሎ ጻፈ።

ቀጣዩን ፊደል ሊያስከትል ሲል ቀና አለ። ዘውዱ ጎንበስ ብሎ፣ የማያውቀውን ፊደል በጥንቃቄ ይከታተላል። ፊቱ ላይ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልነበረም። ይሻው አፈረ፤ ከአዳራሹ ሳቅ ይልቅ አሁን አፈረ። "መ"ን ሰረዛት።

"ምነው?" አለ ዘውዱ።

"ተሳሳትሁ።"

ከሥሯ ይሻው ተሰማ ብሎ ጻፈ፤ ቄሱ እንዳይቸገሩ ፊደሉን ጎላ አድርጎ።

ዘውዱ ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ቋጠረው። ዱቄቱስ ይለቀቅ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ይሻው አሁኑኑ ቢሮ ሄዶ እገዳው እንዲነሳ እንደሚያደርግ፣ መልካሙ የሚባል ባለመኪና እስከ ናዳው እንደሚያደርሰው፣ ከዚያ በላይ በቅሎዎቹን ይዞ ራሱ እንደሚወጣ ነገረው። ዘውዱ ተነሥቶ ትከሻውን ሳመ። አንተ ባትኖር ማን ነበረን፣ እግዜር ዕድሜህን ያርዝመው አለ።

በሩ ላይ ሲደርስ ዘወር አለ።

"ሰውየው ዱቄቱን ቢለቅ እኛ እሱን አንለቀውም" አለ። "ስሙ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነበባል። ከደረስህ አንተም አብረኸን አሜን ትላለህ።"

"እደርሳለሁ" አለ ይሻው።